በጭድ የተጠቀለለው ሰርቨር

መካነ ሰላም ውስጥ ይርገዱን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ አላገባም፣ ወይ ልጅ አልዳረም፣ ወይ ሠርግ ጠርተውት ቀርቷል። ፎቶ ቤቷ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጨርቅ መሸጫና በእንቁላል ማከፋፈያ መካከል ነው። በሩ ላይ የተለጠፉትን ሙሽሮች ፀሐይ አንጥቷቸዋል፤ ግማሾቹ የልጆች አባት ሆነው በዚያው በር ሲያልፉ ራሳቸውን አያውቁም። ይርገዱ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ካሜራ ትከሻዋ ላይ ካለ፣ ሰው የታጨቀበት ዳስ ውስጥ ማንንም ሳትገፋ ታልፋለች። ካሜራው ከሌለ ግን ሰው መሀል መግባት ታፍራለች።

ሥራውን የጀመረችው ከባሏ ከአስናቀው ጋር ነበር። እሱ ይቀርጻል፤ እሷ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ዘፈን ታስገባለች። አስናቀው ካረፈ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ስለ እሱ ብዙ አታወራም። የእሱን ካሜራ አንሥታ በወጣችበት በመጀመሪያው እሑድ ማንገቻው ለእሱ ትከሻ የተለካ ነበርና ረዘመባት። ሁለት ቀዳዳ አሳጠረችው። ከዚያ ወዲህ አንድም ሠርግ አልቀረባትም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሠርግ መቅረጽ ብቻውን አልበቃ አለ። በአካባቢው አንድ ሰው ዓረብ አገር የሌለው ቤት ማግኘት ያስቸግራል። የሙሽራዋን ቀሚስ የምትገዛው ሪያድ ያለችው እኅቷ ናት፤ የሚታረደውን በሬ የሚከፍለው ዱባይ ያለው አጎቷ ነው። የከፈሉበትን ሠርግ የሚያዩት ግን ከስድስት ወር በኋላ፣ አንድ ሰው ፍላሽ ይዞላቸው ሲሄድ ነው። አስናቀው ይሄን አይቶ «ለምን ያኔውኑ አያዩትም?» አለ። ሰው ሁሉ በሚያውቃቸው የስልክ መተግበሪያዎች ሞከሩት። አንዱ፣ ዘፈኑ የሌላ ሰው ንብረት ነው ብሎ ድምፁን አጠፋውና ሙሽሮቹ በዝምታ እስክስታ ሲወርዱ ታዩ። ሌላው ለማንም ክፍት ስለነበር አንድ የማይታወቅ ሰው ገብቶ ስለ ሙሽራዋ ጥርስ የመሰለውን ጻፈ። ሁለቱ ቤተሰቦች ሊጣሉ ነበር።

በመጨረሻ አስናቀው ከአዲስ አበባ አንድ ያገለገለ ሰርቨር ገዛ። አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሲያስገባ ያወጣው ነው። ከአውቶቡስ አውርዶ በትከሻው ተሸክሞ ፎቶ ቤቱ አገባው። ይርገዱ ሰርቨር ምን እንደሆነ ለሚጠይቃት ሁሉ እንዲህ ነው የምትለው፦

«ሠርግ ላይ አሳላፊ አለ አይደል? ወጥ ቤቷ አንድ ናት፤ ለመቶ ሰው ልታዳርስ አትችልም። አሳላፊው ተቀብሎ ለየሰዉ ያደርሳል። እኔ ከዳሱ አንድ ምስል እልክለታለሁ፣ እሱ ኩዌት ላለውም ቤይሩት ላለውም ያድላል። ለቤተሰቡ የሚስጥር ቃል ይሰጣል፤ ቃሉን ያልያዘ አይገባም።»

ይሄ አሳላፊ ታዲያ ባለፈው ኅዳር አዋረዳት።

ከጎኗ ያለው እንቁላል አከፋፋይ አሕመድኑር የወንድሙን ልጅ ይድር ነበር። ዳሱ ውስጥ ያለው ጄኔሬተር እየሠራ፣ ከተማው ላይ መብራት ጠፋ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰርቨር በባትሪ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየና ዝም አለ። ዝም ያለው ደግሞ ሙሽራው ሊጎርስ አፉን በከፈተበት ቅጽበት ነው። ጅዳና ዶሃ ያሉ ዘመዶች ሁለት ሰዓት ሙሉ አፉን የከፈተ ሙሽራ ሲያዩ ዋሉ።

«እቴ ይርገዱ፣» ይላታል አሕመድኑር በየጠዋቱ ሱቁን ሲከፍት፣ «ጅዳ ያለችው እኅቴ ትናንት ደውላ ነበር።»

«ምን አለች?»

«ልጁ ጎረሰ ወይ ትላለች።»

ለአንድ ወር ያህል ሳቀችና ቻለችው። በታኅሣሥ አጋማሽ ግን ሐረግ ከኩዌት ደወለች።

ሐረግ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖረው የገበሬው የአሳምነው ሚስት ናት። ኩዌት ከገባች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ስትሄድ ልጇ መቅደላዊት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሃያ ሦስት ሆናለች፣ ከጥምቀት በኋላ ልትዳር ነው። ሐረግ ለሠርጉ መምጣት አትችልም። የመኖሪያ ወረቀቷ የተሟላ አይደለም፤ አንዴ ከወጣች መመለሻ የላትም፤ ከኋላዋ ደግሞ ገና የሚማሩ ሁለት ልጆች አሉ።

«ይርግዬ፣» አለች ሐረግ፣ «ጭፈራውን ባላየው ግድ የለኝም። ምግቡንም ዳሱንም አላልኩም። ከቤት ስትወጣ ጉልበት ስትስም ልያት። እሷን ብቻ።»

«ታያለሽ፣» አለች ይርገዱ።

«በስድስት ወሩ እንዳይሆን።»

«ያኔውኑ ታያለሽ አልኩሽ እኮ። አብሽሪ።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ጥግ ላይ ወደሚያጓራው ሰርቨር ዞረች። ቃል ሰጥታለች። ይሄ ማሽን እዚህ እስካለ ድረስ ቃሏ የመብራቱ ጉዳይ እንደሆነ ታውቃለች። ኔትወርኩ ከነአካቴው ቢጠፋ ምንም ማድረግ አይቻልም፤ መብራቱን ግን ማምለጥ ይቻላል። ማሽኑ ከዚህ መውጣት አለበት።

አዲስ አበባ አንድ የዳታ ማዕከል ውስጥ የጎረቤቱ ወረዳ የወግዲ ልጅ እንደሚሠራ ሰምታ ስልኩን አፈላልጋ ደወለች። ይሄነው ይባላል። አገሩን ሲሰማ ድምፁ ለሰለሰ።

«ሁለት መንገድ አለ እትዬ፣» አላት። «አንዱ የራስዎን ማሽን አምጥተው እኛ ጋ ማስቀመጥ ነው። ቦታ፣ የማይጠፋ መብራት፣ ማቀዝቀዣና ጥሩ መስመር እኛ እንሰጣለን፤ እርስዎ በየወሩ ለዚያ ይከፍላሉ። ማሽኑ የእርስዎ ነው፣ ቢታመም ማስታመሙም የእርስዎ ነው። ሁለተኛው የእኛን ማሽን ለብቻዎ መከራየት ነው። ማንም አይጋራዎትም። ቢበላሽ እኛ በሰዓታት ውስጥ እንቀይራለን። ግን የወሩ ክፍያ ከፍ ይላል። ሲለቁም ይዘውት የሚሄዱት ነገር የለም።»

«ልምከርበት፣» አለች።

የምታማክረው ሰው ሌላ አልነበረም፤ የቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ለሠርጉ ጥሪ ወረቀት ፎቶ ሊመርጥ ጎራ ያለው የመቅደላዊት አባት አሳምነው ነው። ዱላውን በር ላይ አስደግፎ በርጩማው ላይ ተቀመጠና የነገረችውን ሁሉ ሳያቋርጥ ሰማት።

«ይሄማ የበሬ ነገር ነው፣» አለ።

«እንዴት አያ አሳምነው?»

«በሬ ተከራይቼ አርሼ አውቃለሁ። ባለቤቱ የራሱን መሬት ይጨርሳል፣ የአማቹን ይጨርሳል፣ ከዚያ በሬው ምላሱን ሲያወጣ ላንተ ይሰጥሃል። ዝናቡ አልፏል ያኔ። የራስሽ በሬ ቢከሳም ጠዋት ተነሥተሽ ስትሄጂ እዚያው ነው።»

«እዚህ ግን በሬው የኔ ይሆንና በረቱ የሰው ነው።»

«እሱማ ርቢ በይው። እኔስ ላሜን ወግዲ ለዘመዴ ርቢ ሰጥቼ የለ? እሱ ያበላታል፣ እኔ ባለቤት ነኝ። ደግሞ ተጠንቀቂ፤ ብትሞት ቆዳዋን ማምጣት አለበት። ቆዳ ካላመጣ ሸጧታል ማለት ነው።»

ይርገዱ ነገሩ ገባት። ሰኞ ጠዋት ለይሄነው ደወለችና ሰላምታውን እንደጨረሰች፣ «ማሽኔ እናንተ ጋ እያለ አንዱ ዲስክ ቢሞት ቆዳውን ታሳየኛለህ?» አለችው።

ይሄነው የወግዲ ልጅ ነውና ምን ማለቷ እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ስልኩ ውስጥ ሳቁ ረዘም ብሎ ተሰማ። «ከነቀንዱ አሳይዎታለሁ።»

እሱን ከሰማች በኋላ ወሰነች፤ ማሽኗን ወስዳ ታስቀምጣለች። ለጠየቃት ሁሉ፣ በወር የሚከፈለው ያንሳል፣ ንብረቱም የራሴ ነው ትላለች። ሁለቱም እውነት ነበር። ማሽኑን በትከሻው ተሸክሞ ያመጣውን ሰው ግን አላነሣችም፤ ማንም አልጠየቃትም።

ማሸጉ ላይ ነው አሕመድኑር የገባው። ይርገዱ ሰርቨሩን በጋቢ ጠቅልላ በገመድ ልታስረው ስትል ከሱቁ ወጥቶ አያትና ራሱን ነቀነቀ።

«በጋቢ? ይሄን ሁሉ መንገድ?»

«አስናቀው በጋቢ ነው ያመጣው።»

«ያኔ መንገዱ ደህና ነበር። እቴ፣ እኔ ከወረኢሉ ደሴ አንድ ሺህ እንቁላል በጭድ አደርሳለሁ። ወላሂ ሦስት አይሰበርብኝም። የገብስ ጭድ ነው ታዲያ፤ የስንዴው ይወጋል።»

«አቧራ አይወድም እኮ አሕመድኑር።»

«እንቁላልስ አቧራ ይወዳል?»

ይርገዱ አቧራ ማሽን ላይ ምን እንደሚያደርግ አሳምራ ታውቃለች። በየወሩ በብሩሽ የምትጠርገው እሷ ናት። አንድ ሺህ እንቁላል የሚያህል ማስረጃ ግን ከየት ታምጣ? አሕመድኑር ትልቁን የእንቁላል ሳጥኑን አመጣ፣ ከታች ጭድ ነሰነሰ፣ ሰርቨሩን አጋደመ፣ በዙሪያው ጭዱን በጡጫው እየጠቀጠቀ ሞላ። «ክፍተት ካለ ይንቀሳቀሳል» እያለ በየጥጉ ጨመረበት። ሲጨርስ ክዳኑን መታ መታ አደረገና፣ «አሁን ከገደል ብትወረውሪውም አይሰማውም» አላት።

መንገዱን ደሴ አድራ በሁለት ቀን ጨረሰችው። ረዳቶቹ ሳጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያዩ «እንቁላል ነው፣ ቀስ» ሲሉ እሷም አላስተባበለችም። እንደ እንቁላል የሚይዝላት ካገኘች ምን ጎደላት? መንገደኛው ግን አላረፈም። ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት ሴትዮ ዋጋ ጠየቀቻት። «ተሸጧል» አለቻት ይርገዱ።

የዳታ ማዕከሉ ከውጭ ሲያዩት መጋዘን ይመስላል፤ ውስጡ ሆስፒታል ነው። ሲገቡ ጫማ ላይ የሚጠለቅ ሰማያዊ ላስቲክ ይሰጣል። ይሄነው ቀጭን ልጅ ነው፤ በዚያ ሙቀት ሹራብ ለብሶ ወጣ፤ ውስጡ ያን ያህል ይቀዘቅዛል። ጉልበቷን ሊስም ዝቅ አለ፣ አልፈቀደችለትም፤ ተሳሳሙ። ዕቃ መቀበያ ክፍል ውስጥ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ክዳኑን ከፈተ።

ጭድ ብቻ ታየ።

ይሄነው ከጭዱ ቆንጠር አድርጎ አሸተተ። «የገብስ ነው፣» አለ።

«የገብስ ነው።»

«እትዬ፣ እዚህ ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ጭድ ሲገባ የመጀመሪያው ነው።»

የሥራ ባልደረቦቹ እየተጠራሩ መጡ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣ። ዕድሜዋን ሁሉ ሰው ስታነሣ የኖረችው ይርገዱ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች፤ ከሸፈነች በኋላ ግን ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በዚያ ሁኔታ ማሽኑ ወደ ውስጥ እንዲገባ ሕጉ አይፈቅድም። ጓሮ አውጥተው ሆዱን ከፍተው በአየር መንፊያ ነፉት። ጭዱ ከማራገቢያዎቹ ውስጥ፣ ከሽቦዎቹ ሥር፣ ማንም ከማይጠረጥረው ቦታ ሁሉ ቦነነ፤ የጥበቃው ሻይ ላይ ሳይቀር አረፈ። ይርገዱ ቆማ የሚወጣውን ጭድ ስታይ፣ አሕመድኑር በጡጫው እየጠቀጠቀ የተናገረው ትዝ አላት፤ ክፍተት አልተወም፣ እውነቱን ነው።

ካጸዱት በኋላ መብራት ሰክተው አስነሡት። ተነሣ። አንዱ ማራገቢያ ግን እንደ ወፍጮ ይፈጫል። ከአራቱ ዲስኮች አንዱ ጭራሽ አልነቃም፤ ሁለተኛው ደግሞ ቢጫ መብራት እያበራ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

«መንገዱ ነው ወይስ ጭዱ?» አለች።

«ሁለቱም ረድተውት ይሆናል። ዋናው ግን ዕድሜው ነው፣» አለ ይሄነው። የሞተውን ዲስክ መዝዞ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። «ቆዳው ይኸውልዎት።»

ሳቀች። ዲስኩን ግን ቶሎ አላስቀመጠችውም።

ይሄነው ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ሳይሸፋፍን ነገራት። እንዲህ ዓይነት ዲስክ አሁን በቀላሉ አይገኝም። ይፈለጋል፤ አንድ ሳምንትም ይፈጃል፣ ሁለትም። ከተተካ በኋላ ማሽኑ ገና ሊሠራ ይችላል። በወር የሚከፈለውም ያው እንዳሉት ዝቅ ያለ ነው።

«ሠርጉ መቼ ነው አሉኝ?»

«በሚመጣው ሳምንት እሑድ።»

«በዚያ እሑድ ሌላ ዲስክ ቢሄድ እርስዎ የት ነዎት?»

«ዳስ ውስጥ።»

«ካሜራውስ?»

«ትከሻዬ ላይ።»

«እንግዲህ፣» አለ ይሄነው።

ይርገዱ በመስኮቱ ጓሮውን ማየት ጀመረች። ጥበቃው ሻዩን ደፍቶ ሌላ እየቀዳ ነው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ይሄን ማሽን ጠርጋለች፣ አብርታለች፣ አጥፍታለች፤ ሲያጓራ ፎቶ ቤቱ ባዶ አይመስልም ነበር። አስናቀው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር ብላ አሰበች፤ ማሰብም ብዙ አልፈጀባትም። አስናቀው ካሜራ በየሦስት ዓመቱ ይለውጥ ነበር። አሮጌውን ሲሸጥ ዞር ብሎ አያየውም። ሐረግ ደግሞ ስለ ማሽን አንድም ቃል አልተናገረችም። ልጄን ልያት ነው ያለችው።

«የእናንተን አሳየኝ፣» አለች።

በመስታወት በኩል አሳያት። እንደ መጻሕፍት መደርደሪያ የቆሙ ረድፎች፣ በያንዳንዱ ላይ የሚርገበገቡ ትንንሽ መብራቶች።

«የቱ ነው የኔ የሚሆነው?»

«ሦስተኛው ረድፍ፣ ከታች አራተኛው።»

«ባለቤቱ መጀመሪያ የራሱን አርሶበት ነው የሚሰጠኝ?»

«የለም። ከእርስዎ በቀር ማንም አያርስበትም። ቢወድቅም እኔ ነኝ ሌላ የማስነሣው፤ እሑድም ቢሆን ሰው አለ።»

«ስሜን ለጥፍበት እንግዲህ።»

እንዲህ ያለ ደንብ የላቸውም። ይሄነው ግን ነጭ ፕላስተር ቆርጦ «ይርገዱ ፎቶ» ብሎ ጻፈና ገብቶ ለጠፈላት፤ በመስታወቱ ማዶ ሆኖም በጣቱ አሳያት።

ከአሮጌው ወደ አዲሱ የአሥራ አራት ዓመት ሠርግ ማዛወር ቀንና ሌሊት ወስዶ በማግሥቱ ከቀትር በፊት አለቀ። ዲስኮቹ አንዱ የያዘውን ሌላው እንዲደግመው ሆነው የተሠሩ ስለነበሩ የጠፋ ፊልም የለም። ይሄነው ድምፁም በትክክል መተላለፉን ለማየት ከዝርዝሩ መሀል አንዱን ነክቶ ከፈተ። የወግዲ ሠርግ ነበር። ሙሽራው ፊቱን ቋጥሮ ቆሟል። ከካሜራው ጀርባ የአንድ ሰው ድምፅ፣ «ሙሽራው፣ ፈገግ በል እንጂ፤ ሊያስሩህ እኮ አይደለም» አለ። ሙሽራው ሳቀ፤ ሚዜዎቹም ሳቁ።

ይሄነውም ሳቀ። «ማነው ይሄ?»

«ባለቤቴ ነው።»

«ቀልደኛ ነው።»

«አዎ፣» አለች ይርገዱ። «ቀልደኛ ነው።»

አሮጌውን ሰርቨር መልሳ ይዛው መጣች፤ የፊልሞቹን ቅጂ ቤቷ ለማስቀመጥ ያገለግላታል። በዚህኛው ጉዞ በጋቢ ነበር የተጠቀለለው። አሕመድኑር ገና ከአውቶቡስ ስትወርድ ጠበቃት።

«ስንት ተሰበረ?»

«አንድ ሞቷል፣ አንድ ታሟል።»

«ሁለት ብቻ? ከአንድ ሺህ ሁለት ምን አላት።»

«ከአራት ነው አሕመድኑር።»

አሕመድኑር ማሽኑን በትከሻው አድርጎ ፎቶ ቤቱ ድረስ ተሸከመላት። በር ላይ ሲደርስ ግን፣ «እንቁላል ቢሆን ኖሮ ይደርስ ነበር» አለ።

አሳምነውም ወሬውን ሰምቶ መጣ። «ተከራየሽ አሉ።»

«ተከራየሁ። ባለቤቱ የማያርስበት በሬ ነው አያ አሳምነው፤ ቢታመም በሰዓቱ ሌላ ያመጣል።»

አሳምነው አሰበበት። «እንዲህ ያለ አከራይ ካለ አድራሻውን ስጪኝ። ሰኔ ላይ እፈልገዋለሁ።»

ሐሙስ ዕለት ከሐረግ ጋር ሞከሩት። ሐረግ ከኩዌት የፎቶ ቤቱን ግድግዳ፣ በሩን፣ የይርገዱን አፍንጫ አየች። የሐረግ ምስልም በማሽኑ በኩል ተመልሶ ይርገዱ ፊት ባለው ቴሌቪዥን ላይ መጣ። ሁሉም ጥርት ያለ ነው። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ይዘገያል። ይርገዱ እጇን ስታውለበልብ ሐረግ መልሳ የምታውለበልበው ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይታ ነው። ይሄነውን ጠየቀችው። ምስሉ ሳይቆራረጥ ለብዙ ሰው እንዲደርስ ማሽኑ ትንሽ እያጠራቀመ ስለሚልክ ነው፣ ከዚህ በታች ብናወርደው ሊቆራረጥ ይችላል አላት። ተወችው። ለአሳምነው ግን አስቀድማ ነገረችው፦ «ሐረግ ታያለች፣ ትመልሳለች፤ ግን ቆይታ ነው።»

«አሥራ አንድ ዓመት ቆይታለች፣» አለ አሳምነው። «ግማሽ ደቂቃ ምን አላት።»

እሑድ ከጠዋት ጀምሮ ግቢው ሞላ። ቴሌቪዥኑን ከዳሱ ምሰሶ ላይ ሰቅለውት ነበር። አሳምነው መጥቶ አየውና አስወረደው። ለወላጆች ከተዘረጉት ሁለት ወንበሮች አንዱ ላይ አስቀመጠው፤ ጋቢውን ከጀርባው አስደግፎ እንዳይወድቅ አደረገው።

«ሐረግ ምሰሶ ላይ አትሰቀልም። ከኔ ጎን ነው የምትቀመጠው፣» አለ።

አምስት አገር ውስጥ ያሉ አንድ መቶ አርባ ሰዎች የሚስጥር ቃሉን ይዘው ገብተዋል። አምስት ሰዓት ላይ ከተማው ውስጥ መብራት ጠፋ። ዳሱ ውስጥ ማንም አላወቀም፤ ኩዌትም ማንም አላወቀም። ይርገዱ ምስሉ እንዳልተቋረጠ ስልኳ ላይ አየት አድርጋ ቀረጻዋን ቀጠለች። ሙሽራው ከነአጃቢው እየጨፈረ ገባ። ሐረግ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰዉ ሁሉ ስቆ ከጨረሰ በኋላ ትስቃለች፤ ወጡ ከተነሣ በኋላ ወጡን ታደንቃለች። ልጆቹ ይሄን ደርሰውበት ፊቷ እየመጡ ይዘላሉ፣ ከዚያም ዝም ብለው ቆመው እስክትስቅላቸው ይጠብቃሉ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሙሽራዋ የምትወጣበት ጊዜ ደረሰ። የሙሽራው ቤት ወደ ወግዲ መንገድ ነው፤ ሚዜዎቹ ይቸኩላሉ። አሳምነው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መቅደላዊት መጥታ ዝቅ አለችና የአባቷን ጉልበት ሳመች። መረቃት፤ ዳሱ አሜን አለ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ወንበር ዞረች፤ ተንበረከከች፤ ግንባሯን ወደ ቴሌቪዥኑ ዝቅ አደረገች።

ሐረግ ገና በልጆቹ እየሳቀች ነበር።

«እንሂድ እንጂ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣» አለ አንዱ ሚዜ።

«ቆይ፣» አለ አሳምነው። «አልደረሰላትም።»

ከበሮው ቆመ። ከዚያ የሚበላውም እጁን መሶቡ ላይ አቆየ። ሁለት መቶ ሰው አንድ ቴሌቪዥን እያየ ዝም አለ። ይርገዱ ካሜራውን መቅደላዊት ላይ አድርጋ ሳትነቃነቅ ቆመች፤ ዳሱ ውስጥ የሚሰማው ከውጭ የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። መቅደላዊት ቀና አላለችም።

የሐረግ ሳቅ ቀስ ብሎ ቆመ። ደረሰላት። ስልኳን አንድ ነገር ላይ አስደገፈችና ራቅ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘረጋች።

«ውለጂ፣ ክበጂ፣» አለች። «ቤትሽ ይሙላ። እኔ ያላየሁትን ልጅነትሽን በልጆችሽ እይው። አባትሽን እንዳከበርሽ የሚያከብርሽ ይስጥሽ።»

«አሜን፣» አለ ዳሱ። ሐረግ አሜኑ ሳይደርሳት ሌላ መረቀች፤ ዳሱ ደግሞ አሜን አለ፤ የመጀመሪያው አሜን ያኔ ደረሳትና መሀል ላይ አፏን ይዛ ሳቀች። ከኋላዋ የምትሠራበት ቤት አሮጊት እመቤት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው እያጨበጨቡ ታዩ፤ ምን እንደሚያዩ ማን እንዳስረዳቸው እንጃ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ዳሱ ተናወጠ። ሲጨርሱ ጸጥ ሆነ፤ ማንም ሳያዛቸው ጠበቁ። ቆይቶ ከወንበሩ ላይ የአንዲት ሴት እልልታ ብቻውን መጣ፤ ቀጭንና ረጅም ነበር። እንደጨረሰች ሴቶቹ ተቀበሏት፤ እንደገና ዝም አሉና ጠበቁ፤ እንደገና መጣላቸው። መቅደላዊት ቀና ብላ ሁለቱንም ወገን ትሰማ ነበር። ሚዜዎቹ ለጥቂት ጊዜ ቆመው አዩ፤ ከዚያ ከበሮውን መሬት አስቀምጠው እነሱም ተቀመጡ።